ሃያ ሁለተኛው እጅ

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ጣሰው ነጠላውን ሳያወልቅ በረንዳው ጫፍ ላይ የጫማውን ጭቃ እያራገፈ ሳለ፣ ቀና ሲል ሦስት ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ሦስቱንም አሳምሮ ያውቃቸዋል። ኃይለሚካኤል ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ሰው ግን ከንግግሩ ይልቅ ዝምታውን ይፈራል። ሳሙኤል ቡና ነጋዴ ሲሆን የጴንጤዎቹ ጉባኤ ያለ እሱ አይሞቅም። ወልደ ጊዮርጊስ ደግሞ የአርባ ዓመት ጎረቤት ነው። ምሳ ሲደርስ ለምሳ፣ እራት ሲደርስ ለእራት በሩን በጉልበቱ ገፍቶ የሚገባ ሰውዬ፣ ያን ቀን ኮት ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ፣ እንደ ባዳ ከደጅ ቆሟል።

«ቤቶች! እንደምን አረፈዱ፣ አቶ ጣሰው?» አለ ወልደ ጊዮርጊስ።

ጣሰው ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ፤ ሌላ ሰው የቆመ መስሎት። አርባ ዓመት ሙሉ «አንተ ጣሰው» ሲለው የኖረ ሰው ነው አሁን አንቱ ያለው። ኮት፣ ከዘራ፣ አንቱታ፣ ደግሞም በቁጥር ሦስት! ቦንጋ ውስጥ እነዚህ አራት ነገሮች እሁድ ጠዋት አንድ ላይ ከመጡ፣ ሴት ልጅ ያለው አባት የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ግቡ እንጂ! ምን ያቆማችኋል?» አለ፤ ድምፁ ለራሱም እስኪገርመው ቀጥኖ።

ሳሎን ድረስ ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። ሚስቱ ዓባይነሽ ከጓዳ ብቅ ብላ ተሰልፈው ሲቆሙ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ማንም አላስረዳትም።

ልጃቸው ትሁት ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ፣ «ጮራ» በሚሉት የግል አየር መንገድ ውስጥ አብራሪ ናት። ሰማይ ላይ መውጣቷን ቦንጋ በኩራት ተቀብሎታል፤ ትዳር አለመያዟን ግን አልተቀበለም። ዓባይነሽ ለዚህ ጉዳይ የተሳለችውን ስለት ብንዘረዝር አንጨርስም። ባለፈው ፋሲካ ታዲያ ልጅቷ እናቷን «አንድ ሰው አለ» ብላ ሹክ ብላታለች። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት የውሻ ጩኸት በሰሙ ቁጥር ወደ በሩ ያያሉ።

«አንድ ጉዳይ ይዘን መጥተናል» አለ ወልደ ጊዮርጊስ። «ጉዳያችን ልጅዎን ትሁትን ይመለከታል። እሺ ካላሉን አንቀመጥም፤ ከቤትዎም እህል ውሃ አንቀምስም።»

ደንቡ ይኸው ነው። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር እሺታውን ይጠይቃል፤ ባለቤቱም «እስቲ ልስማዋ፣ ነገሩን ንገሩኝ» እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ ይግደረደራል። ጣሰው ራሱ በስንቱ ቤት ቆሞ እንዲህ ለምኗል፤ ብልህ አባት እሺታውን በቁንጥር እንደሚሰጥም ያውቃል። ያን ዕለት ግን ብልሃቱን ደስታው በላበት።

«ትሁት ልጄ ናት፤ እናንተም ወንድሞቼ ናችሁ» አለ። «እናንተን አቁሞ የሚመልስ አፍ የለኝም። እሺ ብያለሁ። ቃሌ ነው።»

ዓባይነሽ እልልታዋን ልትለቀው አፏን ከፈተች። ኃይለሚካኤል መዳፉን አንስቶ «ቆዪ፣ እትዬ» አላት።

ሦስቱም ተቀመጡ። ወልደ ጊዮርጊስ ከዘራውን ጉልበቶቹ መሃል አቁሞ፣ ጣሰውን ሳያይ ተናገረ።

«ትሁት በምትሠራበት ቤት አብራሪዎቹ የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ብለዋል አሉ። እስከ ዛሬ አልነበራቸውም። በመጪው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሰብስበው ድምፅ ይሰጣሉ። ነገሩን ከሚያስተባብሩት አንዷ ትሁት ናት። እንግዲህ ልመናችን ቅዳሜ እጇን እንዳታነሳ ነው። የላከን ሙሉብርሃን ነው።»

ሙሉብርሃን የቦንጋ ልጅ ነው፤ የዚያው አየር መንገድ የበረራ ክፍል ኃላፊ። ሰፈሩ «ያገራችን ልጅ እዚያ ድረስ ወጣ» እያለ የሚያወራለት ሰው ነው።

«ለልጅቷም ብሎ ነው» አለ ሳሙኤል፤ በቅን ልብ ነው ያለው። «ስሟ ከበጥባጮች ጋር እንዳይቆጠር።»

ጣሰው ለአፍታ ምንም አልገባውም። ከዚያ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባውና ፊቱ ጋለ። «እኔ እኮ ለትዳር የመጣችሁ መስሎኝ ነው» ማለት ይችል ነበር። ሊልም ፈልጎ ነበር። ግን ልጁ ያልተጠየቀችበትን ጋብቻ በጉጉት ሲቀበል መያዙን በሦስት ሰው ፊት እንዴት ይናገረው? ሀፍረት ያዘውና ዝም አለ፤ ዝም ባለ ቁጥር ደግሞ ቃሉ እየከበደ ሄደ። ምሳ ቀረበ። ወልደ ጊዮርጊስ ያን ቀን ሁለት ጉርሻ ብቻ በልቶ እጁን ሰበሰበ። የወትሮው ወልደ ጊዮርጊስ ቢሆን ሰፌዱን ይጠርገው ነበር።

የጣሰው ቃል ምን እንደሚመዝን ቦንጋ ያውቃል። ሠላሳ ሁለት ዓመት የጤና ጥበቃ ሹፌር ነበር። አንዴ ለደካ ጤና ጣቢያ ክትባት ማክሰኞ አደርሳለሁ ብሎ መንገዱ በናዳ ቢዘጋበት፣ መኪናውን አቁሞ የበረዶ ሣጥኑን በትከሻው ተሸክሞ ማክሰኞ ማታ ገብቷል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ነድቶ አንድ ዶሮ አልገጨም። ገንዘብ አላፈራም፤ ያፈራው ይህንን ነው። ሰው «የጣሰው ቃል ነው» ካለ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ማታ ደወለላት። በቀጥታ ሊነግራት አስቦ ነበር፤ ሰላምታው ግን አላልቅ አለው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ አክስቷ ጉልበት አወራ። በመጨረሻ ትሁት ራሷ «አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» አለችው። ነገራት።



«ቃል ሰጥተሃል?» አለች።

«ሰጥቻለሁ።»

«ነገሩን ሳትሰማ?»

«ሌላ ነገር መስሎኝ…»

«ምን መሰለህ?»

 ዓባይነሽ ከኋላው «ሠርግ መስሎን ነው!» ብላ ጮኸች። ትሁት ሳቀች፤ ያ የልጅነት ሳቋ ነው። ከዚያ ሳቁ በመሃል ተቆረጠ።

«አባዬ፣ ለእማዬ እንዳትነግር ብዬ የደበቅኩት ነገር አለ። ራቅ በልና ስማኝ።»

ወደ በረንዳ ወጣ።

«ባለፈው ኅዳር ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተን፣ በዚያ ቀን አራተኛው በረራችን ነበር። እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ካፒቴኑም ተኝቷል። ሁለታችንም ነን። አውሮፕላኑ በራሱ ይሄዳል። ሰዓቱን አየሁ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኖናል። ከኋላችን ሠላሳ ስምንት ሰው አለ።»

ጣሰው የበረንዳውን ምሰሶ ያዘ። እሱም አንድ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ የጎጀብ ቁልቁለት ላይ ዓይኑ ተከድኖ ያውቃል። ለሁለት ሴኮንድ ነው። እስከ ዛሬ ሲያስበው እጁን ያልበዋል።

«መኪና መንዳት ስታስተምረኝ ምን ነበር የምትለኝ?» አለች። «እንቅልፍ ሲመጣብሽ ዳር ይዘሽ አቁሚ። እዚያ ዳር የለም፣ አባዬ።»

«አልተናገራችሁም?»

«ተናገርን። ካፒቴኑ ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት። እኔን ለራስሽ ብለሽ ዝም በዪ አሉኝ። አንድ ሰው ደክሞኛል ካለ ሰነፍ ይባልና በረራ ይቀነስበታል። አርባ ሦስታችንም አንድ ላይ ካልን ግን ማንን ሰነፍ ይላሉ? ማኅበሩ ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለውም።»

«ስንት ድምፅ ነው የሚያስፈልጋችሁ?»

«ከግማሽ በላይ ካላገኘን እንተወዋለን ብለን ተስማምተናል። ሃያ ሁለት እጅ ነው የሚያስፈልገን። እስካሁን የቆረጡት ከኔ ጋር ሃያ ሁለት ናቸው። ሌሎቹ ይፈራሉ፤ አልፈርድባቸውም።»

«እና እኔ ቃሌን ባጥፈውስ?»

«አንተ?» አለች ትሁት። ቁጣ ቢኖርባት በቀለለው ነበር። «አንተ ቃልህን አጥፈህ አታውቅም። በኔ ነው የምትጀምረው?»

«ልጄ…»

«እሺ፣ አባዬ» አለች። «እሺ ብያለሁ። በቃ ተኛ።»

እንዴት ይተኛ! ሰኞ አልተኛም። ማክሰኞም አልተኛም። ስለ እንቅልፍ የሰማው ሰውዬ እንቅልፉ ጥሎት ሄደ። ዓባይነሽ የተነገረውን አትወቅ እንጂ ፊቱን ታነባለች፤ «አንተ ሰውዬ፣ ልጄ ምን ሆነች?» እያለች ትነዘንዘዋለች፤ እሱ ጨጓራዬ ነው ይላታል። ስልኩን አንስቶ «እጅሽን አንሺ» ሊላት ስንቴ ቁጥሯን አወጣ። ቃል ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው ነገር አይደለም፤ የሰጠኸው ሰው እጅ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ረቡዕ ወደ ወልደ ጊዮርጊስ ቤት ሄደ።

«ቃሌን መልስልኝ» አለው፤ ሳይቀመጥ።

ወልደ ጊዮርጊስ መነጽሩን አወለቀ። የቢሮ ነገር በአማርኛ ነው የሚያወሩት፤ ሆድ ሲብሰው ግን ወልደ ጊዮርጊስ ወደ አፍ መፍቻቸው ወደ ካፊኖኖ ይዞራል። አሁንም ዞረ።

«ኢዮሲያስ እዚያ መሥራቱን ረሳኸው?»

ጣሰው ረስቶት ነበር። ኢዮሲያስ የወልደ ጊዮርጊስ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ እዚያው ጮራ ውስጥ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሻን።

«ሙሉብርሃን ደወለልኝ» አለ ወልደ ጊዮርጊስ። «በጨዋ ደንብ አናገረኝ። ስለ ትሁት ከነገረኝ በኋላ፣ ሊዘጋው ሲል ‹ኢዮሲያስም እዚሁ እኛ ጋር ነው አይደል?› አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ስሙን ብቻ ነው የጠራው። እኔ ምን ላድርግ፣ ጣሰው? ልጁ የወለደው ገና ባለፈው ወር ነው።»

ጣሰው ስለ አሥራ አንዱ ደቂቃ ነገረው። ወልደ ጊዮርጊስ ሰምቶ እንባው መጣ፤ ግን ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዳቸው ለሌላው አዘኑ፤ ማዘናቸው ግን ለማንም አልረባም። ጣሰው እንደመጣ ተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩ በጉልበት ተገፋ። ወልደ ጊዮርጊስ ነው። ኮት የለ፣ ከዘራ የለ፤ በነጠላ ጫማ ነው የመጣው።

«ኢዮሲያስ ትናንት ደወለ» አለ፤ እያለከለከ። «ነገሩን ከሰዎች ሰምቶ ነው። ተቆጣኝ። ‹ለኔ ብለህ ከሆነ ተወው፣ አባባ። እኔ ምድር ላይ ነው የምሠራው፤ የሚወጡት እነሱ ናቸው› አለኝ። አደርኩበት። ቃልህን መልሻለሁ፣ ጣሰው። ውሰደው።»

ጣሰው ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ኔትዎርኩ ሙሉ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ገና ስምንት ሰዓት ይቀራል። ዓባይነሽ ከጓዳ «ደውልላት እንጂ!» አለችው። እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ እንዴት ደግ ነበር።

ወልደ ጊዮርጊስ ግን ፊቱን አጨማደደ። «ግን እኮ ሦስት ሆነን ነው የተቀበልነው» አለ። «እኔ ብቻዬን ስመልሰው ተመለሰ ይባላል?»

ጣሰው የሚደውለው ጣቱ ባለበት ቀረ። እውነት ነው። ለሦስት ሰው የተሰጠ ቃል በሦስት ሰው ነው የሚመለሰው። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ፣ ቃል ሰጪው ከፊታቸው ቆሞ «መልሰናል» ሲሉት ነው ነጻ የሚወጣው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ በጓሮ በር ሾልኮ እንደ መውጣት ያለ ቃል ማጠፍ ነው። ወደ ኃይለሚካኤል ቤት ሮጡ። ዳኛው ከሰማ በኋላ ብዙ አሰበና «እኔ እመልሳለሁ። ግን ሳሙኤል ከሌለበት አልተመለሰም» አለ። ሳሙኤል ከሐሙስ ጀምሮ ጨና ወረዳ ነው፤ ዋጫ ከተማ ላይ የሦስት ቀን ጉባኤ አላቸው። ደወሉለት። ስልኩ ዝግ ነው፤ ጉባኤ ሲገባ ይዘጋዋል።

«ለልጅቷ ደውልላትና ከዚያ ወደፈለጋችሁበት ሂዱ!» አለች ዓባይነሽ። ከቤቷ ድረስ ተከትላቸው መጥታለች።

«ያልተመለሰውን ተመለሰ ብዬ ልዋሻት?» አለ ጣሰው። «ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ደርሼ፣ አስመልሼ፣ ከዚያው እደውልላታለሁ።»

ዓባይነሽ ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸው። «እናንተን ሽማግሌ ያለ ሰው!» አለች።

የኃይለሚካኤልን ልጅ ፒክአፕ ተዋሱ፤ ጣሰው ራሱ ያዘው። ጥሩ ነዳ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ዋጫ ገቡ። የጉባኤው ድንኳን ሞልቶ ሰዉ ውጭ ድረስ ተርፏል። ሳሙኤል ፊት ወንበር ላይ እጁን ዘርግቶ ሲጸልይ በመጋረጃው ክፍተት ይታያል። ሄዶ ትከሻውን መንካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ግን ሦስት ኦርቶዶክስ የጴንጤ ጸሎት አቋርጠው ሰው ሲጠሩ ምን ይባላል? ዳኛውም «ጸሎት ላይ ያለ ሰው አይጠራም» አለ። ስለዚህ እንደ ጨዋ ሰው ከዛፍ ሥር ቆመው ጠበቁ። ጸሎቱ አለቀና ዝማሬ ሆነ። ዝማሬው አለቀና ስብከት ሆነ። ሰባኪው ከሩቅ የመጣ ነው፤ የመጣበትን መንገድ ያህል ሰበከ። ሳሙኤል የወጣው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ነገሩን ሲሰማ ደነገጠ። «ለዚህ ነው እዚህ ድረስ የመጣችሁት? መልእክት ብትልኩብኝ እኮ እሺ እል ነበር! ምነው ገብታችሁ አልጠራችሁኝም?»

 ሦስቱ ዛፉ ሥር ተሰልፈው ቆሙ፤ ጣሰው ከፊታቸው ቆመ። ወልደ ጊዮርጊስ በአንቱታ «አቶ ጣሰው፣ የተቀበልነውን ቃል መልሰናል። ነጻ ነዎት» አለ። ጣሰው ጎንበስ ብሎ አመሰገነና ስልኩን አወጣ። ኔትዎርክ የለም። የሳሙኤልን ከፈቱት፤ እሱም የለውም። መብራት ከረፋድ ጀምሮ ጠፍቷል፣ ኔትዎርኩም አብሮት ሄዷል አሏቸው ሰዎቹ፤ እንደ ልማዱ።

«ቦንጋ እንደርሳለን» አለ ጣሰው። «ገና ሰዓት አለ።»

ሳሙኤልም አብሯቸው ገባ። ዝናቡ የጀመረው ከዋጫ እንደወጡ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ አይሱዙ እንሰትና ሰው ጭኖ ተንሸራቶ መንገዱን እንደ መቀርቀሪያ ዘግቶታል። በወዲህም በወዲያም መኪና ተሰልፏል። ጣሰው ወረደ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሷል፤ ስንት መኪና ከጭቃ አውጥቷል። ጎማ ሥር ድንጋይ አስገባ፣ ቅርንጫፍ ቆርጦ አነጠፈ፣ ሾፌሩን «መሪውን ወደ ግራ!» እያለ ጮኸበት። አይሱዙው አገሳና ይበልጥ ሰመጠ። ስምንት ሰዓት አለፈ። ስምንት ተኩል ሆነ። ጣሰው የአይሱዙውን ነገር ትቶ ወደ ጉብታው ወጣ፤ በዝናቡ ውስጥ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ሄደ፣ ጉቶ ላይ ቆመ። ወልደ ጊዮርጊስ ከታች ሆኖ «አገኘህ?» ይለዋል። አላገኘም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ጉቶው ላይ እንደቆመ ነበር። ያኔ ማንም እንዳያየው ፊቱን ወደ ጫካው አዙሮ አለቀሰ።

መንገዱ የተከፈተው አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። የቦንጋን ዳገት ሲጀምሩ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ጣሰው ዳር ይዞ አቆመ። መልእክቶች ናቸው፤ ሲደወልልህ አልተገኘህም የሚሉ። ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም ከትሁት። ስምንት ሰዓት ከአርባ። ስምንት ከሃምሳ ሁለት። ስምንት ከሃምሳ ስምንት።

ደወለላት። ከመኪናው ወርዶ ጥቂት ራቅ አለ። ቶሎ አነሳችው።

«አባዬ! የት ጠፋህ?»

«ኔትዎርክ አልነበረም» አለ። «እንዴት ሆናችሁ?»

«አለቀ። አልሆነም። ሃያ አንድ ነው።» ድምጿ ደረቅ ነው። «ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። ሁለቴ ቆጠርኩት። ሁሉም እኔን ነበር የሚያዩት፣ አባዬ። እጄን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ።»



«ልገባ ስል ደውዬልህ ነበር» አለች። «እንዲያው ምናልባት… ተወው። ድምፅህን ልሰማ ብዬ ነው።»

ቃሉ ተመልሶለታል። ቀን በሰባት ሰዓት ነጻ ሰው ነበር። ልጁ እጇን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው ለሌለ ቃል ነው። ይህን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ቢነግራት ምን ይቀርላታል? ባይነግራት ቢያንስ አባቷን እንዳላሳፈረች ታስባለች። የቱ እንደሚሻል የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ የለም፤ ሽማግሌዎቹ መኪና ውስጥ ሆነው በመስታወቱ ያዩታል።

«አባዬ? አለህ? ተናደድክብኝ እንዴ?» አለች። «ቃልህን ጠብቄልሃለሁ እኮ።»

«ተባረኪ» አለ።  ቆይቶ «ነገ ትበሪያለሽ?» ሲል ጠየቃት።

«አዎ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት መኪና ይመጣልኛል።»

«አሁን ግቢና ተኚ። በናትሽ ልጄ፣ አሁኑኑ ተኚ።»

«እሞክራለሁ» አለችና ዘጋችው።

ወደ ፒክአፑ ሲመለስ ወልደ ጊዮርጊስ በሩን ከፍቶ ጠበቀው። ከእሁድ ወዲህ እንደዚያ ያለ ተስፋ ፊቱ ላይ አልታየም ነበር።

«ነገርካት? ቃሉን እንደመለስን ነገርካት?»

ሠላሳ ሁለት ዓመት ቃሉን አጥፎ የማያውቀው ጣሰው መሪውን ያዘ።

«ነገርኳት» አለ።

«ምን አለች?»

«ደስ አላት» አለና ሞተሩን አስነሳ።